የያዕቆብ ይስሐቅ አብርሃም አደራ

ጋሽ አቤኔዘር ሦስት ነገር እችላለሁ ብለው ያምኑ ነበር፤ ዕቃ መሰብሰብ፣ የሰበሰቡትን አለመጣል፣ እና መዋሸት። ሦስተኛውን እንደማይችሉት ያወቁት በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ አንዱን እግራቸውን ሱሪ ውስጥ ከትተው ሌላውን ገና ሳይከቱ በጀመሩት አንድ ሰኞ ነው።

ወደዚያ ሰኞ ከመሄዳችን በፊት ግን ዘመኑን እንወቀው። ዘመኑ የልክ ዘመን ነው። አንድ ሰው ከሰማንያ ኪሎ በላይ ዕቃ እንዲኖረው አይፈቀድለትም። ወለሉ ይመዝናል። ልክ ሲያልፍ ግድግዳው በትሕትና ይናገራል፣ ሁለት ጊዜ ይናገራል፣ በሦስተኛው ቀን ትርፉ ድስት ይሁን ካፖርት ተነሥቶ ወደ ማሟሚያ፣ ዕቃ እንደ ጨው ሟሙቶ ወደሚጠፋበት፣ ይሄዳል። ሰው ማንኪያ ሊገዛ ሲወጣ የትኛውን ሹካ እንደሚሰናበት አስቦ ነው የሚወጣው። "ልክህን እወቅ!" ድሮ ጥርስ የሚያስወልቅ ንግግር ነበር፤ ዛሬ በየሊፍቱ ተለጥፏል፣ ከሥሩ ሁለት ሕፃናት ፈገግ ብለው።

ቋንቋውም ተገለባብጧል። "ከባድ ሰው" ስድብ ሆኗል፤ ልጃገረድ ስትታጭ "ቀላል ልጅ ናት፣ እጅግ ቀላል!" ተብላ ትወደሳለች። ሽማግሌዎች ሠርግ ላይ "ውለዱ፣ ክበዱ" ብለው ሊመርቁ ይነሡና "ክ" ላይ ሲደርሱ ሳል ይይዛቸዋል። ስጦታ የሚበላ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም በር ላይ እንደቆሙ የሚበላ። እንግዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከመጣ ባለቤቱ "ቤት ለእንግዳ፤ ቦርሳዋ ግን እዚያው ትሁን" ይላል። ማንም አይቀየምም።

ምናለሽ ተራም ስሟ ብቻ ቀርቷል። ድሮ ብረት፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ የሚገኝባት ሰፈር አሁን አርባ ፎቅ ሆናለች፤ ነዋሪው "ምን አለሽ?" ሲባል "ምንም!" ብሎ ደረቱን የሚነፋባት። በዚህ ሕንፃ ምድር ቤት የጋሽ አቤኔዘር ሱቅ ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ነገር ተሽጦበት አያውቅም። ሰው ገብቶ "ይሄ ስንት ነው?" ካለ ጋሽ አቤኔዘር ፊታቸው ይጠቁራል፣ ልጃቸውን ሊወስድባቸው የመጣ ይመስል። አያታቸው "ቆራሌው!" እያሉ ሰፈር ለሰፈር የዞሩ ሰው ነበሩ፤ እየገዙ ይሸጡ ነበር። የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የወረሱት።

ምን የሌለ ነገር አለ እዚያ! ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያለው የሚኒባስ ተንሸራታች በር ከነእጀታው። በላስቲክ የተጠቀለሉ የቴሌቪዥን ሪሞቶች፤ አንዱም ላስቲኩ ተነሥቶለት አያውቅም። ቴሌቪዥን የሚለብሰው ዳንቴል። መሥሪያ ቤታቸው የጠፋ ክብ ማኅተሞች። ፌስታል፣ አዎ ፌስታል፣ በቀለም በቀለም ተስተካክሎ አልበም ውስጥ የተለጠፈ። መኖሪያቸው ከሱቁ በስተኋላ ነው። አልጋቸው በቁልፍ የሚዘጋ ፍሪጅና የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይወጣበት በነበረ በርሜል መካከል ስለተጣበቀ የሚተኙት በጎን ገብተው ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ አንድ የፀጉር አስተካካይ ወንበር ማለፍ ግድ ነው፤ በጨለማ በጉልበታቸው በገጩት ቁጥር "ይቅርታ" ይሉታል። ሚስታቸው "እኔ ወይም ወንበሩ" ብላ ነበር። ወንበሩ አሁንም አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጓዝ በልክ ዘመን እንዴት ዳነ? በአንድ ቃል፤ አደራ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሁሉን ሲመትሩና ሲመዝኑ ቆይተው እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ እጃቸው እምቢ አለ ይባላል። የገዛ ዕቃህን አሟሟ ማለት ይቻላል። የሰው አደራ አሟሟ ብሎ ማዘዝ ግን እናት ፊት ቀና ብሎ የሚያስቆም ነገር አይደለም። ስለዚህ "የአደራ ዕቃ አይመዘንም" ብለው ጻፉና ቶሎ አለፉት። ጋሽ አቤኔዘር በዚህች አንዲት መስመር ሁለት ቶን ተኩል አሾለኩ።

መዝገቡ የአስቀማጩን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ስሞች አስበው ፈጠሩ። ከዚያ ደከማቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጡና ትውልዱን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመሩ፤ ያዕቆብ ይስሐቅ አብርሃም፣ ሰሎሞን ዳዊት እሴይ፣ ራሔል ላባ ባቱኤል። እንዲህ እያሉ ሁለት መቶ ዕቃ አስመዘገቡ። "ሙት መጥቶ አይጠይቀኝ" ብለው በብልጠታቸው ብቻቸውን ሳቁ። በገዛ ስማቸው ከልብሳቸውና ከፍራሻቸው ሌላ ያስመዘገቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከአልጋቸው ራስጌ የተሰቀለ የድሮ እድር ጡሩምባ። ለምን እሱን ብቻ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

እንግዲህ ያ ሰኞ። የልክ ጽሕፈት ቤት አዲስ አገልግሎት ጀምሯል። አደራ ያስቀመጠ ሰው እንዳይረሳ ያስታውሳል። በዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ያዕቆብ ይስሐቅ አብርሃም የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ከጋሽ አቤኔዘር በቀር ማንም የማይሠራው ስሕተት ነው። ማለዳ ላይ በአገሩ ሁሉ ያሉ ያዕቆቦች፣ ሰሎሞኖችና ራሔሎች መልእክት የሚያመጣው የእጅ አንባራቸው ጮኸ። "ከአቶ አቤኔዘር ታምራት ዘንድ አደራ አለዎት። ይምጡና ይውሰዱ።"

ጋሽ አቤኔዘር ጫጫታ ሰምተው ሱሪያቸውን በአንድ እግር እየጎተቱ በሩን ከፈቱ። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ጫፉ አይታይም። ሰልፍ ካዩ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው በደስታ ዘለለ።

"ምን መጣ?" አሉ ፊተኛውን ሰው፣ ስኳር የሚታደል መስሏቸው።

"አደራ" አለ ሰውየው። ረዘም ያለ፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ የዋህ ፊት ያለው ሰው ነው።

"የማን አደራ?"

"የኛ ነዋ ጋሼ። አቶ አቤኔዘር የሚባሉ ሰው ዘንድ ነው አሉ። ያውቋቸዋል?"

"በስም" አሉ ጋሽ አቤኔዘር። "አንተስ ስምህ ማነው የኔ ልጅ?"

"ያዕቆብ ይስሐቅ አብርሃም።"

"እኔም" አለ ከኋላው ያለው። ሦስተኛው እጁን አወጣ።

በዚህ መሐል ከልክ ጽሕፈት ቤት የተላከች ወጣት ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። ስሟ አስካለ ነው። ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ አስካለና ጎበዜ ነው የሚባለው፤ አቤኔዘርና ሶሊያና የሚል ስም የሰማ ሁሉ ባለቤቱ ጡረተኛ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

"ጋሼ፣ ደንቡ አያስቸግርም" አለች። "ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ካለ ዕቃው ይድናል፤ ይዞት ይሄዳል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለቤት ያልተገኘለት ግን አደራው ሐሰት ነው። ይሟሟል።"

"ሁሉም?"

"ባለቤት ያጣው ሁሉ።"

ጋሽ አቤኔዘር የመጣባቸውን ጉድ አዩት። ባለቤት ከተገኘ ዕቃቸው ይሄዳል፣ ካልተገኘ ዕቃቸው ይጠፋል። ወይ አቤኔዘር፣ አሉ ለራሳቸው፣ አርባ ዓመት ስታከማች ኖረህ የገዛ ሌባህን በስሙ ጠርተህ አስመጣኸው! ግን ከመሟሟት የሰው እጅ ይሻላል። ሱሪያቸውን አስተካክለው ታጠቁና ያዕቆብን ወደ ውስጥ አስገቡት።

"ያንተ ይሄ ነው" አሉ የሚኒባሱን በር እያሳዩት። ያዕቆብ ግራ ገብቶት ያይ ነበር። "እ... አያትህ ናቸው ያስቀመጡት። ጋሽ አብርሃም። የታክሲ ረዳት ነበሩ። ምን የመሰሉ ሰው! ሳንቲም የጎደለውን ተሳፋሪ አስወርደው አያውቁም።"

"አያቴን አላየኋቸውም" አለ ያዕቆብ ቀስ ብሎ። "አባቴም ስለሳቸው ነግሮኝ አያውቅም።" እጀታውን ያዘና ሳበው። በሩ ያን የታወቀ ድምፁን እያሰማ ተንሸራተተ። መልሶ ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሽ አቤኔዘር እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። የዋሹት ውሸት እግር አውጥቶ መጥቶ ፊታቸው ቆሞ ያለቅሳል። ሐቁን ልንገረው ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰውየው ግን ቀደማቸው።

"ስንት ኪሎ ነው ጋሼ?"

"አሥራ ስምንት።"

"እኔ ሰባ ስምንት ላይ ነኝ። ባለቤቴም ሞልቶባታል፣ ባለፈው የልጃችንን ከበሮ አሟሙብን።" በሩን በመዳፉ ዳበሰው። "እዚሁ ይቆይልኝ። እየመጣሁ አየዋለሁ። አደራ ጋሼ! በሰማይ በምድር አደራ!"

ወጣ። ጋሽ አቤኔዘር ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አደራ አላቸው እኮ! በአፉ፣ ዓይናቸውን እያየ። አሥር ዓመት ሙሉ ውሸት የነበረው ነገር በአንዲት ቃል እውነት ሆኖ አረፈው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ራሔል ላባ ባቱኤል የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ከሶዶ በባቡር የመጣች። "አባቴ ላባ በሚባለው ስሙ ሲሳቅበት ነው የኖረው፣ የሚያስታውሰው ሰው አለ ሲሉኝ እንዴት ልቅር?" አለች። የፌስታሉን አልበም ሰጧት። አንዱን በጣቷ ኮሽ አደረገችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው፣ ሳቀች። "ኧረ ደስ ሲል! ግን የት አኖረዋለሁ? አደራዎን።" ሰሎሞን ዳዊት እሴይ የሚባሉ ዘጠኝ ሰዎች በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጡ፣ ተስማሙም፤ በየወሩ እየተገናኙ ሊቀመጡበት። "አደራ" አሉ ዘጠኙም። አስካለ በየዕቃው ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ቀና ብላ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለች። "ሁለት መቶውም ባለቤት ተገኝቶለታል። ሁሉም እዚሁ ይቆይልን ብሏል። እርስዎ እውነተኛ አደራ ጠባቂ ነዎት።"

ጋሽ አቤኔዘር ደስ ሊላቸው ፈለጉና ደክሟቸው ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ተመልሰው ቀና አሉ። ወንበሩ የሰው ነው። ፍሪጁም የሰው ነው፣ በርሜሉም። ጠዋት ሁለት ቶን ተኩል የነበራቸው ሰውዬ ማታ መደገፊያ አጡ። ሳቅ ያዛቸው፤ በሞቴ፣ እንዲህ ያለ ብልጥ የት ይገኛል!

"ሰልፉ አለቀ?" አሉ።

"አንዲት እናት ቀርተዋል። እሳቸው ግን መልእክት አልደረሳቸውም።"

ምርኩዝ የያዙ፣ ዓይናቸው ዳመና የለበሰ ባልቴት በሩ ላይ ቆመዋል።

"አቤኔዘር ታምራት የሰው አደራ እየመለሰ ነው ሲሉ ሰማሁ" አሉ ባልቴቲቱ። "የኔ አንባር ግን ዝም አለ። እኔ ደግሞ የእውነት አስቀምጬ ነበር። አቤኒ፣ አንተ ነህ?"

አቤኒ። በዚህ ስም የሚጠራቸው ሰው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ጋሽ አቤኔዘር በልባቸው ከአንቱታ ወደ አንቺታ ወረዱ። ሶሊያና ናት፤ የድሮው ሰፈራቸው ጡሩምባ ነፊ የነበሩት የጋሽ በረከት ልጅ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው የተበተነ ጊዜ፣ ዕቃ የጫነው መኪና ላይ ሆና ነው ጡሩምባውን የወረወረችላቸው። "ጎረቤት በሌለበት ለማን ይነፋል? ሰፈር ሲኖረኝ ትመልስልኛለህ፤ አደራ!" ብላ።

"ምልክቱን ልንገርህ" አለች ሶሊያና። "አፉ አጠገብ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠመጠመ ነው፣ አባቴ ነው የጠመጠመው። ካለ አለ በለኝ። ከሌለም የለም በለኝ፣ ክፉ አልናገርህም። እየመሸብኝ ነው አቤኒ፤ የሞትኩ ለት አንድ ሰው እንዲነፋልኝ ፈለግሁ፣ ሌላ ነገር አይደለም።"

አስካለ መዝገቧን አየች። ከዚያ ጋሽ አቤኔዘርን አየች። "በአደራ የተመዘገበ ጡሩምባ የለም። በእርስዎ ስም ግን አንድ አለ።" ድምፅዋ አልተለወጠም። "ጋሼ፣ ይህን መጠየቅ አለብኝ። የሰው አደራ በስሙ ያስመዘገበ አደራ በላ ነው። ጠባቂነቱን ያጣል። እሱ ዘንድ ያለው ሁሉ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተነሥቶ ይሟሟል፣ ባለቤቱ ቀድሞ ካልወሰደው። ጡሩምባው የራስዎ ነው?"

"አዎ" ማለት አንድ ቃል ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መቶ ውሸት ዋሽተዋል፤ ይቺ አንዷ ሁለት መቶውን ታድን ነበር። የያዕቆብን በር፣ የራሔልን ፌስታል። ሶሊያና እንደሆን ዓይኗ አያይም፣ የለም ቢሏት አዝና ትሄዳለች። ጋሽ አቤኔዘር አፋቸውን ከፈቱ። መዋሸት እንደማይችሉ ያወቁት ይኼኔ ነው።

"የሷ ነው" አሉ።

"ታዲያ ለምን በስምዎ?"

"በአደራው መዝገብ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነበራ ልጄ! እውነተኛው አደራ ይሄ አንድ ብቻ ነው። ከውሸቱ ጋር ልጽፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ።" ወደ ሶሊያና ዞሩ። "ላከብረው ብዬ በላሁት።"

አስካለ መዝገቧን ዘጋች። "የመጀመሪያውን፣ የውሸቱን ነገር፣ አልሰማሁም" አለች በመጨረሻ። "የመጨረሻውን ግን ሰምቻለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት።"

ጋሽ አቤኔዘር ጡሩምባውን ከራስጌያቸው አውርደው ሶሊያና እጅ ላይ አኖሩት። ቀዩን ሽቦ በጣቶቿ አገኘችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ አለቀሰች።

"ድሮም ጅል ነበርክ" አለች። "ትጥለዋለህ ብዬስ አልፈራሁም። ምንም አትጥልም ነበር እኮ!"

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ምናለሽ ተራ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሶሊያና ከሕንፃው ፊት ቆማ ጡሩምባውን ትነፋለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ታርፋለች፣ እንደገና ትነፋለች። "ስሙ! ያልሰማ እንዳይኖር! የአቤኔዘር ታምራት ቤት አርፏል! ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው! ወዳጅ የሆነ ይድረስ!" ከአርባ ፎቅ መስኮት ጭንቅላት ወጣ። ጡሩምባ የሚያውቅ ወጣት ባይኖርም ያን ድምፅ ሰምቶ ተኝቶ የቀረ የለም። ወሬው ከአንባር አንባር ተዛመተ።

ሦስት ሰዓት ላይ ያዕቆብ ወንድሙን ይዞ ደረሰ፣ ሌላኛውን የበሩን ጫፍ ሊያሸክመው። ከሶዶ ባቡር ራሔል ወረደች። ዘጠኙ ሰሎሞኖች ወንበሩን እንደ ሙሽራ አንስተው አወጡት፤ ሌሎቹም የየራሳቸውን።

"ልክህስ?" አሉት ጋሽ አቤኔዘር ያዕቆብን በጭንቀት። "ሰባ ስምንት ነኝ አላልከኝም? ያሟሙብሃል እኮ!"

"ይታሰብበታል ጋሼ" አለ ያዕቆብ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። ፈገግታውን ግን አልደበቀም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የማሟሚያው ሠራተኞች መጡ፣ ባዶ ቤት አዩ፣ ተመለሱ። ጋሽ አቤኔዘር መሐል ወለሉ ላይ ብቻቸውን ቆሙ። ቤታቸው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሲያስሉ ግድግዳው መልሶ ያስላል።

"እንኳን ደስ አለዎት" አለ ግድግዳው በትሕትናው። "ልክዎን አውቀዋል።"

"አንተም ለዚህ በቃህ" አሉት። ፍራሻቸው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ለወንበሩም፣ ለሚስታቸውም፣ ለሁሉም አንድ ላይ።

አንባራቸው ጮኸ። ክስ ነው ብለው አላዩትም። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። እጃቸው እስኪደነዝዝ ሲጮህባቸው መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት።

"ከያዕቆብ ይስሐቅ አብርሃም ዘንድ አደራ አለዎት። ይምጡና ይውሰዱ።"

"ከራሔል ላባ ባቱኤል ዘንድ አደራ አለዎት። ይምጡና ይውሰዱ።"

"ከሰሎሞን ዳዊት እሴይ ዘንድ አደራ አለዎት።" ይህኛው ዘጠኝ ጊዜ።

ገባቸው። የአደራ ዕቃ አይመዘንም። ያቺን የገዛ ብልጠታቸውን ሁለት መቶ ሰው ተምሮ ሄዷል፤ እያንዳንዱ የወሰደውን ዕቃ የአቤኔዘር ታምራት አደራ ነው ብሎ አስመዝግቦታል። ሁሉም ዋሽቷል፣ ደግሞም አንዱም አልዋሸም። እንባቸው ሳይደርቅ ሳቃቸው መጣ፤ ባዶው ቤት አብሯቸው ሳቀ።

ጨረስኩ ብለው ሲነሡ አንድ ቀርቶ ነበር።

"ከሶሊያና በረከት ዘንድ አደራ አለዎት። ይምጡና ይውሰዱ።"

ጋሽ አቤኔዘር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ንጹሑን ሱሪያቸውን፣ ሁለቱንም እግር በአግባቡ፣ አጠለቁና ከእሷ ሊጀምሩ ወጡ።